የጉድጓዱ ጉሮሮ

አሐድ አል-መሳርሐ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አስማ፣

አሰላሙ አለይኩም። አላህ አንቺንም ልጆችሽንም በአፍያ ያቆይልኝ። የሰው ስም እየጠራሁ ሰላም ልበል ብል ያለችኝ ወረቀት አንድ ናት። የአጎቴ ልጅ ብትሆኚም እንደ እህቴ ነሽና ከእናቴ ጀምረሽ እስከ ታችኛው ሰፈር ድረስ አንቺው በእኔ ስም ሰላም በይልኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልሴ የሚመጣልሽ በኡመር በኩል ነው። ኡመር የወረባቦ ልጅ ነው፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ ስላለው እዚህ በቃላ በሚሉት ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሸጣል። እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፣ እሱ ፎቶ አንስቶ ባቲ ለሀብቱ ሱቅ ይልካል፣ ሀብቱ ኔትወርክ ባገኘ ቀን ያትምልሻል። ለምን አትደውልም ላልሽው፣ አንቺ ባቲ የምትወጪው ሰኞ ነው፣ ሰኞ ደግሞ እኔ ሰው እርሻ ላይ ነኝ። ስልኬም የመን ላይ ቀርቷል።

እናቴ «ልጄ ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ነው የሚሠራው» እያለች ለሰው ታወራለች ብለሻል። አስቁሚያት። እኔ ያለሁበት ከየመን ድንበር ማዶ ነው፤ እዚህ ያለው የቲማቲምና የማሽላ እርሻ ነው፤ የምንሠራውም የእርሻ ውሃ ጉድጓድ ነው። ነዳጅ ላይ የሠራው ሙስጠፋ የሚባል የመናዊ ነው። ማሪብ ላይ ዕድሜውን ነዳጅ ጉድጓድ ሲጠግን ኖሮ ጦርነቱ ወዲህ የገፋው ሰው ነው። ሥራው የእሱ ነው፤ እኔ ገመድ ሳቢው ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ባለ እርሻ ጠራን። ሽማግሌ ነው።

«ጉድጓዴ ሞተ፤ ኸላስ» አለ።

«ማን ገነዘው?» አለው ሙስጠፋ።

ሽማግሌው አልሳቀም። ሙስጠፋ ገመድ ጫፍ ላይ ብረት አስሮ ወደ ጉድጓዱ ሰደደ፤ ሲያወጣው የረጠበውን በክንዱ ለካ። «ውሃህ ቦታው ላይ ነው ያለው፤ የታነቀው ጉሮሮው ነው» አለው። ፓምፑን ጎትተን አወጣን። ውሃው የሚገባበት ወንፊት የመሰለው ብረት ማንቆርቆሪያ ውስጡ እንደሚይዘው ባለ ነጭ ቅርፊት ተለብጧል፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት የለውም። ሙስጠፋ ከልስ ይለዋል። ነዳጁም እንዲህ ነው ይላል። ከነዳጁ ጋር ውሃ አብሮ ይወጣል፤ ውሃው ኖራውን ቧንቧው ላይ ጥሎ ያልፋል። ትልልቆቹ ሰዎች ነዳጁ አለቀ ብለው ሊዘጉት ሲሰናዱ እሱ ቧንቧውን ያጥብና ነዳጁ ይመጣ ነበር።

ለእኔ አሁንም አይገባኝም። ውሃው በብርጭቆ ሲቀዳ እንደ ዓይን የጠራ ነው። ድንጋዩን የት ደብቆት እንደሚመጣ አላውቅም።

የእናቴ ጉልበት እንዴት ሆነ?

ወንድምሽ ሀይደር


ባቲ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሀይደር፣

ያገናኘን ጌታ ይመስገን፤ በሰው አገር ክፉ አይንካህ። እኛ እንዳለን አለን። የእናትህ ጉልበት እንደ አየሩ ነው፤ አንድ ቀን ያስኬዳታል፣ አንድ ቀን ያስቀምጣታል።

ደብዳቤህን የውሃ ኮሚቴው ፊት አነበብኩት። ይጠቅመናል ብዬ ነበር፤ ነገር ጨመረብኝ። «ነዳጅ» የምትለዋን ሰሙ እንጂ «እኔ ገመድ ሳቢ ነኝ» የምትለዋን የሰማ የለም። ደግሜ አነበብኩላቸው። «ትሑት ልጅ ነው» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኢንጂነር ነህ።

ያነበብኩት ለምን መሰለህ። አንተ ስትሄድ የሞላ የነበረው የሰፈራችን ጉድጓድ እየነጠፈ ነው። ጄኔሬተሩ ይጮኻል፣ ቦኖው ያለቅሳል። ድሮ ሁለት ሰው ሰላምታ ሳይጨርስ ጀሪካን ይሞላ ነበር፤ አሁን አንድ ጀሪካን እስኪሞላ ጠብ ተነሥቶ፣ ሽማግሌ ገብቶ ይታረቃል። የቦኖው ቁልፍ እኔ ዘንድ ስለሆነ ጠቡ የሚጀምረው ከእኔ ነው። «አስማ፣ ቁልፉ አንቺ ጋ፣ ውሃውስ የት ገባ?» ይሉኛል። ማታ ማታ እየከፈተች ለመኪና ትሸጣለች ያለም አለ።

ቸኮልን ታውቀዋለህ፤ የአክስታችንን ልጅ ያገባው የማዶው ሰው። ወረዳ ድረስ ሄዶ «የዚያኛው መንደር ጉድጓድ አልቋል፤ ጄኔሬተሩ ወደ እኛ ይምጣ፣ ጉድጓዱም እኛ ዘንድ ይቆፈር» ብሎ አመለከተ። የወረዳው ሰዎች ከኢድ በኋላ ሊያዩ ይመጣሉ። ጉድጓዱ ማዶ ከሄደ ሰፈሩ ሁሉ ወንዙን ወርዶ ዳገቱን ወጥቶ ነው የሚቀዳው። የእናትህን ጉልበት አንተው አስብ።

መጀመሪያ ኮሚቴው ለአዲስ ሞተር ገንዘብ ለምኚው ብሎኝ ነበር። ደብዳቤህን ከሰሙ ወዲህ ገንዘቡን ትተውታል፤ ዕውቀቱን ይላክልን ነው የሚሉት። ከሁለቱ የቱ እንደሚቀልህ አላውቅም።

አንድ ነገር ንገረኝ። ቦኖው አፍ ላይ የሚንጠለጠለውን ነጭ ነገር ታስታውሰዋለህ? ከብቶቹ ይልሱታል። ቦለ፣ የከብት ጨው ነው ብለን አንነካውም፤ የታመመች ላም ያለችው ሰው ፈልፍሎ ይወስዳል። አንተ የጻፍከው ከልስ እሱ ነው? ለእኛ ሲሳይ ነበር። አሁን ገዳያችን ነው ልበል?

እህትህ አስማ


አሐድ አል-መሳርሐ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አስማ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ጾሙ ሳይገባ ይህ ይድረስሽ።

ቦለውን ለሙስጠፋ ነገርኩት። ብዙ ሳቀ። «የምታደልቡት ከብቱን ነው ጉድጓዱን?» አለኝ። ከዚያ ሳቁን ተወና ሁለት ነገር ጠይቃት አለ።

አንደኛው፣ ገመድ ላይ ከባድ ብረት አስራችሁ ከቧንቧው ጎን ባለችው ቀዳዳ ስደዱ። ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረ ይሁን። ውሃው ድሮ ሲቆፈር በነበረበት ከፍታ ካለ ጉድጓዱ አልሞተም። ወርዶ ከሆነ ግን የቸኮል ነገር እውነት ነው፤ ዝም ብላችሁ ስጡት።

ሁለተኛው፣ ከቦኖው አፍ ሳይሆን ከቧንቧው ውስጥ ትንሽ ቅርፊት ፈልፍላችሁ ሎሚ ጭመቁበት። አረፋ አውጥቶ ከተንጫጫ ይታጠባል። ዝም ካለ አይታጠብም። ማሪብ ላይ ሁለቱንም አይቷል። የሚንጫጫውን አሲድ ይበላዋል። ዝም የሚለውን ግን በብረት እየፈለፈሉ ነበር የሚያወጡት፤ ካልሆነም ቧንቧውን አውጥተው ይጥሉታል። «ዝም ያለ ከልስና ዝም ያለች ሚስት አንድ ናቸው፤ በየት በኩል እንደምትገባ አታውቅም» ይላል።

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። ይችን መስመር ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው።

ሀይደር


ባቲ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሀይደር፣

እንደምን ሰነበትክ። ጾሙ ሳምንት ነው የቀረው፤ አላህ በሰላም ያስጾመን።

ያልከውን አደረግን። ስለ ዝምተኛዋ ሚስት የተባለውን ለሴቶቹ አላነበብኩም፤ አንተም ሰውዬውን ሚስት እንዳለችው ጠይቅልኝ።

ቆፋሪዎቹ ድሮ የውሃውን ከፍታ ሲሚንቶው ላይ ጽፈውት ነበር። ቸኮልም ይይ ብዬ አስጠራሁት። ገመዱን ሰደድን፣ አወጣን፣ ለካን። ውሃው ቦታው ላይ ነው። ቸኮል ገመዱን ተቀብሎ ራሱ ለካው፤ ያው ነው። «ገመዱ ተስቦ ይሆናል» አለ።

«ገመድ ሲሳብ ያጥራል ወይስ ይረዝማል?» አልኩት።

ገመዱን ጠቅልሎ መለሰልኝ። ሎሚውን ደግሞ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነው ያየው። ቅርፊቱ ላይ ስጨምቀው ጥብስ እንደነካው ዘይት ተንጫጫ። እናትህ እልል አለች፤ ልጇ የተዳረ ነው የመሰላት። አንዱ «ከብቶቻችን ይህን ሲልሱ ሆዳቸው ውስጥ እንዲህ ነው የሚያደርገው?» ብሎ ጠየቀ። የማውቀው ነገር ስለሌለ አዎ አልኩት።

እንግዲህ መድኃኒቱን ላክልን። እኛ ያሰብነው እንዲህ ነው፦ ሰውም ከብትም ከጉድጓዱ አግደን ውሃ ከወንዝ እንቀዳለን፤ ከዚያ መድኃኒቱን በጎማ ቱቦ ቀስ እያልን ታች ድረስ እናወርደዋለን፤ አሳድረን በጄኔሬተር እየሳብን እንደፋዋለን። ልክ ነው? ከኢድ በፊት ውሃው ከመጣ ወረዳው ጄኔሬተሩን አይነቅልም። ካልመጣ ኮሚቴው ቁልፉን ይቀበለኛል፤ እንደ ሌባም ነው የሚቀበለኝ።

ጽሑፍህ ምነው ተንጋደደ? የራስህ እጅ ነው?

አስማ


አሐድ አል-መሳርሐ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አስማ፣

ጾሙን ያግራልሽ። እዚህ ሥራው ከመግሪብ በኋላ ሆኗል፤ ቀን ቀን እንተኛለን።

መድኃኒት የምትሉት አሲድ ነው። አይላክም። በሰው ሻንጣም፣ በመርከብም፣ በፖስታም አይሄድም። እዚያው ፈልጉ። ሙስጠፋ የሚለው የመጸዳጃ ቤት ሰድር የሚታጠብበትን ነው፤ ሲከፈት ነጭ ጭስ ያወጣል፣ አፍንጫ ይቆርጣል። ኮምቦልቻ ወይ ደሴ የሕንፃ ዕቃ የሚሸጡ ያውቁታል። ብረቱን እንዳይበላው ሌላ የሚጨመርበት ነገር አለ፤ ሻጩን ጠይቁ። ስታቀጥኑት ውሃው ይቅደም፤ አሲዱ በውሃው ላይ ይገባል እንጂ ውሃ በአሲዱ ላይ አይፈስም። ንፋሱ በጀርባችሁ ይሁን። ቀዳዳው ላይ የሚያጎነብስ ሰው አይኑር። ተስቦ ሲደፋ ከብት አይቅረበው፤ ጠርቶ ሽታው እስኪጠፋ ማንም እንዳይጠጣ።

የምነግርሽን ካላገኛችሁ ሌላ ነገር አታፍስሱ። መጀመሪያ ጻፊልኝ።

እጁ የራሴ ነው። ግራው ነው። ቀኙን አሲዱ ትንሽ ነካ አድርጎኛል። ንፋስ ንፋስ የምለው ለዚያ ነው። ለእናቴ አትንገሪያት።

ሀይደር


አሐድ አል-መሳርሐ (ቀን አልተጻፈበትም)

እትዬ አስማ፣

ሰላም ለሁላችሁ። በጥድፊያ ነው። የጠየቅሽኝን ሳልመልስልሽ ቀርቼ ነበር። ሙስጠፋን ጠየቅሁት። ያልሽው ልክ ነው፤ እንደዚያው አድርጉ። ከኢድ በፊት ጨርሱ።

ጀዋዛት የሚሉት የኢሚግሬሽን ፖሊስ እርሻ ለእርሻ እየዞረ ኢቃማ የሌለውን ያፍሳል። ወደ ፈይፋ ተራራ ልወጣ ነው። ኡመር ይህን ኔትወርክ ሲመቸው ይልክልሻል።

ሀይደር


ባቲ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሀይደር፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። እጅህን አላህ ይማርልህ፤ ለእናትህ አልነገርኳትም፤ እሷም ምን እንደደበቅኳት እየጠየቀችኝ ነው።

የየካቲት 26ቱ ደብዳቤ ደርሶኛል። የምትለው የሚጨስ አሲድ አልተገኘም። ሀብቱ ኮምቦልቻ ሄዶ የሕንፃ ዕቃ ሻጮቹን ሁሉ ዞረ። አንዱ አለቀ አለው፣ አንዱ ወረቀት አምጣ አለው። በመጨረሻ ቦንሳ ጋ ገባ። ቦንሳ ጋራዥ ያለው ሰው ነው፤ የመኪና ባትሪ ይሞላል። «ለምን ትንከራተታላችሁ? የባትሪው አሲድ አለ፤ ከዚያኛው ይበረታል እንጂ አያንስም። ብረት የሚበላ ድንጋይ ያቅተዋል?» አለው። በርካሽ ሊሰጠን ነው።

የወረዳው ሰዎች የሚመጡበት ቀን እየደረሰ ነው። ኮሚቴው እናፍስሰው ይላል። እኔ መልስህን ሳላይ ቁልፉን አልሰጥም ብያለሁ። የባትሪው ይሁን ወይስ አይሁን? አንዲት ቃል ትበቃኛለች።

አስማ


ባቲ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሀይደር፣

አላህ ያክብርህ፤ መልስህ ዛሬ ደረሰ። ሀብቱ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። «ያልሽው ልክ ነው፤ እንደዚያው አድርጉ፤ ከኢድ በፊት ጨርሱ» ትላለህ። አንዲት ቃል ለምኜህ ስምንት ሰጠኸኝ።

ቦንሳ ራሱ ጭኖ ይመጣል። ነገ እናፈስሳለን። ወደ ፈይፋ ወጣሁ ያልከው ምንድን ነው? ተራራው የሰው ነው? ምን ትበላለህ?

አስማ


ባቲ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሀይደር፣

ኢድ ሙባረክ። የናፈቁህ ሁሉ ሰላም ብለውሃል፤ ዛሬ እኔም እንዳንተ ስም መጥራት አቃተኝ።

ውሃው መጣ! አሲዱን እንዳወረድነው ከታች ጮኸ፤ ቧንቧው እጅ እስከማያስይዝ ሞቀ፤ ሰው ሸሸ። አሳደርነው። ስንስበው መጀመሪያ እንደ አሬራ ነጭ ወጣ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ጠራ። ቦኖው አንተ እንደምታውቀው ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳስደፋ ሰው ስስታም ብሎ ሰደበኝ፤ ያንተን ቃል ይዤ ዝም አልኩ። ለኢድ ሰው ልብሱን በጉድጓዳችን ውሃ አጠበ።

ቸኮል ለኢድ መጥቶ ነበር። «ያ ኢንጂነራችሁ ለእኔም አንድ ደብዳቤ ይጻፍልኝ» አለ። ሲቀልድ ነው ሲያፌዝ አልለየሁም።

አስማ


አሐድ አል-መሳርሐ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ አስማ፣

የባትሪውን አታፍስሱ። ካፈሰሳችሁም አትድገሙ፤ ይህ ከሁሉ በፊት ይነበብ። አታፍስሱ።

ዛሬ ነው ከፈይፋ የወረድኩት። እዚያ ለእርከን ድንጋይ እየተሸከምኩ ነበር፤ ወሬ የሚደርስበት አይደለም። ኡመር ስልኩን ሲሰጠኝ ደብዳቤዎችሽ ተደራርበው አገኘኋቸው። መጀመሪያ የከፈትኩት የኢዱን ነው፤ ተደሰትኩ። ከዚያ «መልስህ ዛሬ ደረሰ» የሚለውን አየሁ፤ የቱ መልስ እንደሆነ ጠፋኝ። ስለ ባትሪው የጻፍሽውን በመጨረሻ አነበብኩ።

እኔ «ልክ ነው» ያልኩት ሰውና ከብት አግደን በጎማ ቱቦ እናወርዳለን ላልሽው ነው። የባትሪውን ስትጠይቂኝ እኔ ተራራ ላይ ነበርኩ። ጥያቄሽን አላየሁትም። ቀን ስላልጻፍኩበት ነው መሰለኝ የተምታታው። አሁንም አልገባኝም፤ ውሃው መጥቷል ትያለሽ፣ ሙስጠፋ ደግሞ ስነግረው ራሱን ያዘ። ሁለታችሁ ስለ አንድ ጉድጓድ የምታወሩ አይመስለኝም።

ውሃው አሁን እንዴት ነው?

ሀይደር


ባቲ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀይደር፣

ሰላም ላንተ ይሁን።

ውሃው ከኢድ በኋላ ቀን በቀን እየቀነሰ ሄደ። አሁን ቆሟል። ድሮ ያለቅስ ነበር፣ አሁን አያለቅስም። ጄኔሬተሩን ስናስነሣ አየር ይተፋል። ቦንሳን አስመጣነው። ፓምፑን አወጣን። ነጩ ነገር አልሄደም፤ መልኩ ተለውጧል፤ ጠጣርና አንጸባራቂ ሆኗል። ሎሚ ጨመቅሁበት። ዝም አለ።

ቦንሳ «አሲዱን ቀንሳችሁ ነው» አለ። ኮሚቴው «አስማ ናት የቀነሰችው» አለ። እኔ መልስህን አሳየኋቸው፤ «ልክ ነው» ይላል። ይህን ዛሬ የደረሰኝን ደግሞ «አታፍስሱ» የሚለውን ይዤ የት እንደምሄድ አላውቅም። ለማን ላንብበው? ብናገር አንተ ትሰደባለህ፤ ዝም ብል እኔ።

ሙስጠፋን ጠይቅልኝ። ምን ሆነ? ይመለሳል ወይ? ይህን ብቻ።

አስማ


አሐድ አል-መሳርሐ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አስማ፣

ሰላም እላለሁ። የምጽፈውን አላውቅም፤ ሙስጠፋ ያለውን ልጻፍልሽ።

የሚጨሰው አሲድ ኖራውን አሟሙቶ ከውሃ ጋር ያወጣዋል። የባትሪው ግን ኖራውን ወደ ጀሶ ይለውጠዋል፤ ግድግዳ የሚለሰንበት ጀሶ። መጀመሪያ ከላይ ያለውን አንጫጭቶ ስለሚያራግፈው ውሃ ይመጣል። የቀረውን ግን እዚያው ይለስነዋል። ጀሶ አሲድ ስትጨምሪበት አይንቀሳቀስም። ማሪብ ላይ እንዲህ ያለውን በሌላ ዱቄት ወደ ኖራ መልሰው ደግመው ያጥቡት ነበር፤ ማንሻ ማሽን፣ ኬሚካል፣ ባለሙያ ይዘው። «እነሱ ምን አላቸው?» አለኝ። ገመድ አልኩት። «እንግዲያው አዲስ ጉድጓድ ይቆፈር» አለ።

ተናደድኩበት። ማሪብ ላይ ሁልጊዜ መፍትሔ ነበረው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ጠፋበት።

«አንተ መጀመሪያስ ጉድጓዱ እንዲህ እንዳይሆን ምን ይደረግ ብለህ ለምን አልጠየቅኸኝም?» አለኝ። ስለ ማጠብ ብቻ እንጂ ስለ መከላከል ጠይቄው እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ። ነዳጁ ላይ ከልሱ ቧንቧው ላይ እንዳይጣበቅ ጠብ ጠብ የሚል መድኃኒት ከላይ ያንጠባጥቡ ነበር። መድኃኒት ለሌለው ሰው ደግሞ ያለው ነገር አንድ ነው፤ ጉድጓዱን በኃይል አለመሳብ። ሞተሩ በኃይል ሲስብ ውሃው ወንፊቱ ላይ ሲደርስ ግፊቱ በድንገት ይላላል፤ የያዘውን ኖራ እዚያው ይጥለዋል። ቀስ ተብሎ ረጅም ሰዓት ቢሳብ አብዛኛውን ይዞት ይወጣል። እኛ ሰፈር ሰው እንዳይሰለፍ ተብሎ ጄኔሬተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲጮህ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ይህ አሁን ምንም አይጠቅምሽም። ቢሆንም የነገረኝ ይኸው ነው።

«አታፍስሱ» ያልኩበትን ደብዳቤ አንብቢላቸው። እኔ ሩቅ ነኝ፤ ስድብ አይደርሰኝም።

ሀይደር


አል-ኹባ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አስማ፣

አሰላሙ አለይኩም። ከሚያዝያ ወዲህ ድምፅሽን አጣሁ። ደብዳቤዬ አልደረሰሽም ወይስ ደርሶሽ ነው?

ሙስጠፋ ተይዟል። ወደ የት እንደወሰዱት የሚያውቅ የለም። ፓምፕ የምናወጣበትን ዊንች ባለቤቱ ወሰደው። እኔ አሁን ድንበሩ ሥር ፍየል እጠብቃለሁ። ኡመር ስልኩን ቀይሯል፤ ወረቀቶቼን ግን እስካሁን ይልክልኛል።

እጄ ድኗል። በቀኙ ነው የጻፍኩት፤ እይው።

እናቴ ውሃ ከየት ነው የምትቀዳው?

ሀይደር


ባቲ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሀይደር፣

ሰላምታዬ ከዘገየ አይቁጠርብኝ፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ እንጂ ሀብቱ አይደለም። ደብዳቤዎችህ ሁሉ ደርሰውኛል። እጅህ በመዳኑ ደስ ብሎኛል። ለሙስጠፋ ዱአ አድርጌለታለሁ፤ ስለ ሚስት የተናገረውንም ትቼለታለሁ።

የወረዳው ሰዎች መጥተው ጄኔሬተሩን ነቀሉት። ቁልፉን ከእኔ የተቀበለኝ ሰው የለም፤ የሚከፍተው ነገር ስለሌለው እኔው ዘንድ ቀርቷል። «አታፍስሱ» ያልክበትን ደብዳቤ አነበብኩላቸው። አላመኑኝም። «ሽፋን እንዲሆናት አስጽፋ ያስመጣችው ነው» አሉ። «ልክ ነው» ያልከውን አምነው ነበር፤ ይኼኛውን አላመኑም። እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ? ተውኩት።

ክረምቱ ሲወጣ ማዶ ተቆፈረ። ውሃ ወጣ፤ ጥሩ ውሃ ነው። ቸኮል ቁልፉን ያዘ። እንድንቀዳ ፈቅደውልናል። መጀመሪያ የማዶ ሰው ይቀዳል፣ ቀጥሎ የማዶ ከብት ይጠጣል፣ ከዚያ እኛ። ጎረምሶቹ ወረፋ ላይ ሲያዩኝ «የነዳጅ ኩባንያዋ መጣች» ይላሉ። እኔም ጀሪካን አስቀድመው ይቀዱልኝ እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ፤ ኩባንያ ወረፋ አይጠብቅም እላለሁ። ይስቃሉ፤ አይቀዱልኝም።

ባለፈው ሳምንት ቸኮል ቤቴ መጣ። ቁጭ በል አልኩት፣ አልተቀመጠም።

«ቦኖው አፍ ላይ ነጭ ነገር ጀመረ» አለ።

«ከብት ይልሰዋላ» አልኩት።

«አስማ፣ አትቀልጂብኝ። ልጁ ምን ብሎ ነበር?»

«የቱን? አፍስሱ ያለውን ወይስ አታፍስሱ ያለውን?»

በሩን ተደግፎ ቆመ። የአክስታችን ልጅ ስትታመም እንኳ እንዲያ ቆሞ አላየሁትም። ላልነግረው ነበር ያሰብኩት፤ ሌሊቱን ሁሉ ሳስበው የከረምኩት ነገር ነው፤ ማዶም ይንጠፍ፣ ያኔ ማን ሌባ እንደሆነ እናያለን ብዬ። የሚያዝያውን ደብዳቤህን አውጥቼ ነዳጅ የሚለውን እየዘለልኩ አነበብኩለት። በኃይል አትሳብ፣ ቀስ ብለህ ረጅም ሰዓት ሳብ። ደግሜ አነበብኩለት። ምስጋናም ሳይናገር ወጣ።

በማግሥቱ የጄኔሬተሩ ጩኸት ተለወጠ። አሁን ውሃው ቀጥኖ ነው የሚወርደው፣ አይቋረጥም። ድሮ ረፋድ ላይ ያልቅ የነበረው ወረፋ ቀትርን ያልፋል። የማዶ ሰው ቀድቶ ይገባል፤ ፀሐዩ የሚያገኘው እኛን ነው።

እናትህ ትናንት ዳገቱን ወጥታ ወረፋው ድረስ መጣች። ልትቀር ትችል ነበር፤ አልቀርም አለች። ብዙ ከተቀመጥን በኋላ «እንዲህ አንጠባጥብ ብሎ ቸኮልን ያስተማረው ማን ነው?» አለችኝ።

«ልጅሽ ነው» አልኳት።

ጀሪካኗን አገላብጣ ጥላ ወዳለበት አስጠጋችውና ተቀመጠችበት።

እህትህ አስማ